የስቅለት ዕለት ወተት

በቀለች፣ የቤቴ እመቤት፣ የሌሊሴ እናት፣

እንደምን ነሽ አልልሽም፤ ያለሽበት እኔ ካለሁበት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከተለያየን ባለፈው ስቅለት ሰባት ዓመት ሞላ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ደብዳቤ ልጻፍልሽ ብዬ አስቤ አላውቅም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ለሕያውም አይጽፍ፣ እንኳን ለሞተ። አሁን ግን የምነግርሽ ስላለኝ ሌሊሴን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ አልኳት። ለፋሲካ ከእጃጂ መጥታ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣለች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ፣ መምህር ነኝ ብለሽ አታርሚኝ፣ አታሳምሪብኝ ብያታለሁ። እሺ ብላለች። ምን እንደምናገር ግን አታውቅም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ጣራው ተቀይሯል። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያንጠባጥብብሽ ራስጌሽ አሁን ደረቅ ነው። ጓሮ የተከልሽው አቮካዶ፣ ይሄ ማገዶ እንጂ ፍሬ አይሆንም ብዬ ልቆርጠው የነበረው፣ ዛሬ ቅርንጫፉ እስኪሰበር ይይዛል። እኔ አልበላውም፣ ሳሙና ሳሙና ይለኛል። ጎረቤቱ ግን በፌስታል እየሞላ ይወስዳል። በራችን ላይ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ጥርቡ ግን ጥርብ አይደለም፤ እኔ እንዲያ ያለ ድንጋይ ብሰጥ ኖሮ አምቦ ውስጥ ቀና ብዬ አልሄድም ነበር። ሰው አሁን ቤቱን በብሎኬት ነው የሚሠራው። ቶሎሳ፣ ድንጋይ ጥረብልኝ ብሎ የሚመጣ ከቀረ አራት ዓመት ሆነው፤ መዶሻውንም መሮውንም ሰቅያለሁ። ያንቺ ቸርች እንኳ የቆርቆሮ አዳራሹን አፍርሶ ትልቅ ቤት ሠርቷል፣ እሱም በብሎኬት። ድንጋይ ጥረብልን ቢሉኝ ድሮ እምቢ እል ነበር። አሁንስ እንጃ።

ዓይኔ ደክሟል። ጉልበቴ ግን አለ። አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

በቀለች፣ ሌላው ባልና ሚስት በዘመድ ይጣላል፣ በመጠጥ ይጣላል። እኛ ዕድሜያችንን የተጣላነው ሰው በምን ይድናል በሚለው ነው። እንደ ሊቃውንት! አንዳችን ፊደል የማናውቅ፣ አንዳችን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥን ሊቃውንት። ጌታን ተቀብያለሁ ብለሽ የመጣሽ ቀን እኔ ከማርያም አጥር ሥራ መመለሴ ነበር። ያንን አጥር ከመሠረቱ እስከ ጫፉ የጠረብኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት በጋ፣ ለነፍሴ ብዬ። አቧራዬን ሳላራግፍ «መዳን በእምነት ነው፣ በሥራ አይደለም» ስትዪኝ ሰውነቴ ነደደ። ሁለት በጋ የካብኩትን በአንድ ቃል የናድሽው መሰለኝ። ያን ጊዜ ለማርያም የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር። ለካ የተቆጣሁት ለድንጋዬ ነው።

ከዚያ ወዲያ የማውቀውን አንድ ቃል ይዤ ተነሳሁብሽ፤ እምነት ሥራ ከሌለው ሬሳ ነው የሚለውን። ቄሱ ሲሰብኩ በጆሮዬ የያዝኩት ነው። ምሳ ላይ እሱን፣ እራት ላይ እሱን፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳይቀር እሱን። «እናንተ ሬሳ ናችሁ» እልሽ ነበር። አንቺ ትስቂያለሽ። «አባ ሌሊሴ፣ ሬሳ ነው እንዴ ይሄን ሽሮ የሠራልህ? እንግዲያ አትብላ፣ ያስፈራል!» ትዪኛለሽ። አንድ ቀን ግን ሳትስቂ «ልጅ አባቱን የሚያገለግለው ለደመወዝ ነው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም እንደ ልማዴ ጮህኩ።

ትሪም ለየሁ። ይህን ሳስበው አፌ ይመረኛል። ከተጋባን ጀምሮ ካንድ ትሪ ስንበላ ኖረን፣ ጴንጤ ካቀረበው ጋር እጄን አልሰድም ብዬ የራሴን ትሪ ያዝኩ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ጣራ ሥር፣ አንቺ ወዲያ እኔ ወዲህ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ድስቴን ለብቻው አጥበሽ፣ ቅቤ የነካው ማማሰያ እንዳይነካው ለብቻው ሰቅለሽ፣ ሰዓቴን ጠብቀሽ ታቀርቢልኝ ነበር። ጾሜን ከኔ ይልቅ የጠበቅሽልኝ አንቺ ነሽ፣ በማታምኚበት ጾም። ጎረቤታችን ዓለሚቱ ሳንባዋን ታማ ሰው ደጇን ሲሸሽ ልብሷን ወንዝ ወርደሽ ያጠብሽላት አንቺ ነሽ። ሥራ አያድንም የምትዪው ሴትዮ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነሽ። እኔ በሥራ የምድነው ሰውዬ ደግሞ የሠራሁትን እቆጥራለሁ።

እንግዲህ ወደዚያ ዓርብ ልሂድ። ሌሊሴ፣ ይህን ያለ ምንም መዝለል ጻፊው።

በቀለች፣ የደም ግፊት ጥሎሽ ቀኝ ጎንሽ አልታዘዝ ካለ ሁለት ወርሽ ነበር። ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት ትመገብ፣ ራሷን ችላ ስለማትበላ ሰው ይያዝላት ብሎን ነበር። ሌሊሴ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ስታስታምምሽ ቆይታ፣ በሕማማቱ ረቡዕ ለተማሪዎቿ ፈተና እጃጂ ደርሳ ዓርብ ጠዋት ልትመለስ ሄደች። ስትሄድ «አባዬ፣ ወተቷን እያሞቅክ በማንኪያ ስጣት፤ ቸኩለህ እንዳታንቃት» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሐሙስን ዓለሚቱ አበላችሽ። ዓርብ በማለዳ እሷ ወተቱን አፍልታ በኩባያ አድርጋ፣ ባሏ ያጠጣታል ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በዚያ ሰሞን ከተማው ታምሶ መንገዱ በየቀኑ በድንጋይ ይዘጋል። ሌሊሴ አልደረሰችም።

ነጠላዬን አጣፍቼ ልወጣ ስል ጠራሽኝ። «ማሎ፣ አባ ሌሊሴ። ሁለት ማንኪያ ብቻ» አልሽኝ። በኦሮምኛ ለመንሽኝ። በአማርኛ ትቆጪኛለሽ፣ በኦሮምኛ ትቀልጂብኛለሽ፤ በሁለቱም ግን ለምነሽኝ አታውቂም ነበር። ማሎ የሚለውን ካንቺ አፍ ያን ቀን ሰማሁት።

እኔ ምን አልኩ? «ጌታ ሐሞት በቀመሰበት ቀን እጄ ወተት አይነካም። ሌሊሴ አሁን ትደርሳለች» አልኩሽ። ኩባያውን በጨርቅ ያዝኩት፣ ጣቴ እንዳያገኘው። አልጋሽ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። በቀኝሽ በኩል። በማይንቀሳቀሰው እጅሽ በኩል። አውቄ አይደለም፤ ሳላስተውል ነው። ግን ሁለት ወር ሙሉ ሚስቱ የትኛው ጎኗ እንደሞተ የማያስተውል ባል ምን ሲያይ ነው የከረመው?

«እሺ፣ ሂድ፣ እንዳይረፍድብህ» አልሽኝ።

ሄድኩ። የዚያን ቀን እንደ ሰገድኩት ሰግጄ አላውቅም። መቁጠሪያዬን ታውቂዋለሽ፤ ቀኝ ኪሴን ሽምብራ እሞላና አሥር በሰገድኩ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪሴ አሻግራለሁ። ጎኔ የቆሙት ጎረምሶች ሲቀመጡ እኔ አልተቀመጥኩም። በልቤም አንቺን አስብ ነበር፣ አልዋሽሽም። እንዲህ እያልኩ፦ ተመልከች በቀለች፣ ሥራ ማለት ይሄ ነው፤ አንቺ ተኝተሽ በእምነት፣ እኔ ቆሜ በጉልበቴ። ማታ ካህኑ በወይራው ጀርባዬን ነካ አድርገው አርባ ስገድ ሲሉኝ ጨምሩልኝ አልኳቸው። ጨመሩልኝ። ሰገድኩ።

ቤት ስገባ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። አልቀሻል። ግራ እጅሽ በደረትሽ ላይ አልፎ ወደ በርጩማው ተዘርግቷል። ኩባያው አልደረሰሽም። ወተቱ ስልባቦት ይዞ እንደ ሞላ ነው።

እስካሁን ያልኩት አንድ በደል ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። አልጮህኩም፤ ሰው አልጠራሁም፤ ዓይንሽን እንኳ አልከደንኩም። መጀመሪያ ያደረግሁት ኩባያውን ማንሳት ነው። በባዶ እጄ፣ ያለ ጨርቅ። ወተቱን ጓሮ ደፋሁት፣ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ኩባያውን አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ መደርደሪያ ላይ መለስኩት። በስቅለት ቀን ወተት አልነካም ያልኩ ሰው ሊያጠጣሽ አልነካውም፣ ሊደብቅ ግን ነካው። እጅሽንም አጠፍኩት። ከዚያ ወጥቼ ጮህኩ።

ሌሊሴ ከጉደር ጀምሮ በእግሯ መጥታ ሲመሽ ደረሰች። እላይሽ ላይ ወድቃ አልቅሳ ቀና ስትል የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «በልታ ነበር?» «አዎ፣ እኔው በእጄ አጠጥቻታለሁ» አልኳት። ለለቅሶተኛውም ይህንኑ ተናገርኩ። «ታድለህ ኦቦ ቶሎሳ፣ በእጅህ አብልተህ ሸኘሃት» አሉኝ። አሜን አልኩ። በማግሥቱ፣ በቀዳም ሥዑር፣ ቤተ ክርስቲያን የታደልኩትን ቄጠማ ግንባሬ ላይ አስሬ ወደ እናንተ መቃብር ሸኘሁሽ፤ በሩ ላይ ስደርስ ግን የጴንጤ ጸሎት አልሰማም ብዬ ውጭ ቆምኩ። አፈሩ ሲወርድ በድምፁ ነው ያወቅሁት።

ሌሊሴ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። አልገፋፋኋትም።

ወጥታ ጓሮ ቆማ ተመለሰች። አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ርቧት ነበር ማለት ነው?» አዎ አልኳት። ተቀመጠች፣ እስክሪብቶውን አነሳች፣ ፊቴን አላየችም። «ቀጥል» ብላኛለች። እቀጥላለሁ።

ይህን ነገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ልሞት ነበር ያሰብኩት። ያናጋኝ ያንቺው መጽሐፍ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሌሊሴ እዚሁ ተቀምጣ መጽሐፍሽን ስታነብ፣ እስቲ የኔን ቃል አንብቢልኝ አልኳት፤ ሬሳ ነው የሚለውን። ልኮራባት ነው። እሷ ደግሞ የመምህር ነገር፣ ከመካከል አልጀምርም ብላ ከላይ ጀመረች። ለካ ከኔ ቃል በላይ ሌላ ነገር ተጽፏል። ወንድም ወይም እህት የዕለት ምግብ አጥተው ሳለ የሚያስፈልጋቸውን ሳይሰጥ፣ በሰላም ሂዱ፣ ጥገቡ ብሎ የሚያሰናብት ሰው ምን ረባ ይላል። የኔ ቃል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለዚያ ሰው የተባለ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አንቺን የደበደብኩበት ዱላ ጫፉ ወደ እኔ ነበር። ከአፌ የወጣው «ሌሊሴ አሁን ትደርሳለች» ጥገቡ ብሎ ከመሸኘት በምን ይለያል? ሌሊሴ «አባዬ ምነው?» ስትለኝ ዓይኔን ጢስ ገባው ብዬ ወጣሁ። እሳት እንኳ አልነደደም ነበር።

ሦስት ዓመት ያህል ከዚያ ጋር ታገልኩ። በዘንድሮው ዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። አሮጌው አርፈው አሁን ያሉት በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ። ሁሉንም ነገርኳቸውና ስንት ልስገድ አልኳቸው። አንድ ሺህም ቢሉኝ ዝግጁ ነበርኩ። አዩኝና «ኦቦ ቶሎሳ፣ ሕመምተኛ ማጠጣት ጾም ያስፈታል ብሎ ማን አስተማረህ?» አሉኝ። ማንም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። «ስግደት አልሰጥህም። ስግደትማ ትወዳለህ፣ ስትሰግድ ሰውም ያይልሃል። ሂድና ለልጅህ እውነቱን ንገራት» አሉኝ። ተቆጣሁ። እኔ የዚህን ቤት አጥር የሠራሁ ሰው ነኝ አልኳቸው። ተናግሬው ከአፌ ሳይወጣ አፈርኩ። ግን ተነስቼ ወጣሁ።

ለሌሊሴ መንገሩ ስላቃተኝ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ዓለሚቱ አሁን አልጋ ላይ ናት፣ ያ ሳንባዋ ተመልሶባታል። ዘንድሮ ስቅለት ዕለት በቀትር፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ከስግደቱ ወጥቼ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ወተት አሞቅኩ። ለሰው ማንኪያ ይዤ ስለማላውቅ ግማሹን አገጯ ላይ አፈሰስኩባት። «ኦቦ ቶሎሳ፣ ዛሬ ምን ነካህ? ስቅለት እኮ ነው!» አለችኝ። ዝም ብለሽ ጠጪ አልኳት። ጠጣች። ጠገበች፣ መረቀችኝ። እኔም አሁን ቀለለኝ ብዬ ተመለስኩ። ደጃችን ስደርስ አልቀለለኝም። ዓለሚቱ ጠገበች። አንቺ አልጠገብሽም። ሌላ መቶ ሰው ባጠጣ ያቺ ኩባያ እንደ ሞላች ናት።

አሁን እይልኝ በቀለች። እኔ ባልኩት ከሄድን፣ ሰው በሥራው ይድናል ካልን፣ ያ ዓርብም ይቆጠርብኛል፤ እሱም ሥራዬ ነው። አጥሩን፣ ስግደቱን፣ ጾሙን ሁሉ በአንድ ወገን አድርጌ ያንን በሌላ ወገን ባደርገው አይነሳም። ሞክሬዋለሁ፤ ድንጋይ ማንሳት ስለማውቅ የሚነሳና የማይነሳ አይጠፋኝም። የሚያስፈልገኝ ያን ጊዜ የናቅኩብሽ ነገር ነው፤ ያልሠራሁበት ምሕረት። ያቺ በነፃ ናት እያልሽ ስትነግሪኝ የሰነፍ ሃይማኖት ያልኩት። አሁን እጄን ዘርግቼ ብቀበል ደስ ባለኝ፣ ግን አፍራለሁ። በነፃ ወስጄ የማላውቅ ሰው ነኝ።

ጴንጤ ሆነ ብለሽ ግን እዚያ እንዳታወሪብኝ። አልሆንኩም። ማርያም እሄዳለሁ፣ እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ። ሽምብራውን ግን ትቻለሁ፤ አልቆጥርም። ቄሱም ተመልሼ ሄጄ ይህን ስነግራቸው «እምነቱም የእግዜር ስጦታ ነው፣ ሥራውም የሱ ስጦታ ነው፤ አንተ የማን ነው ብለህ ነው የምትኮራበት?» ብለውኛል። በልጅ አንደበት እንዲህ መመከር ቀላል አይደለም። ግን አንቺ የምትዪኝ የነበረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስታወሪ አልሰማሁሽም ነበር እንጂ።

ይቅር በይኝ ማለት ይከብደኛል፤ ብዬም አላውቅ። ይቅር በይኝ። ሌሊሴንም ይቅር በይኝ ብያታለሁ። እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። «ዛሬ አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት። ወረቀቱ ሲያልቅ ለሰው ላሳየው ወይስ ልቅደደው ብላ ጠየቀችኝ። አሳዪው ብያታለሁ፤ ታድለህ ያሉኝ ሁሉ ይስሙት።

አልረሳሽም በቀለች። ሳቅሽን አልረሳም፣ ቀልድሽን አልረሳም፤ ያ ለማንም ቀላል ነው። እኔ ቃል የምገባልሽ ያን ዓርብም ሳላሳምር እንዳስበው ነው። እስከ ዛሬ ሚስትህ እንዴት አረፈች ላለኝ ሁሉ በእጄ አብልቻት እል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን፣ ደጀ ሰላምም ቢሆን፣ ርቧት ሞተች፣ ባሏ ሊሰግድ ሄዶ፣ እላለሁ።

ባልሽ ቶሎሳ